ራዲያተርና ፋን በአዲስ አበባ አየር፦ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር አገጣጠም

ውሃ ሙቀትን አያጠፋም፤ ተሸክሞ ያደርሳል። ከፕሮሰሰሩና ከግራፊክስ ካርዱ የተቀበለውን ሙቀት እስከ ራዲያተሩ ያመጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ በሙሉ የአየር ነው። ከፒያሳ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ ባሉ ቢሮዎች፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ፣ ለቪዲዮ አርታኢዎችና ለአርክቴክቶች እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮችን እገጣጥማለሁ፤ እጠግናለሁም። «ውሃ አስገብተንለትም ይሞቃል» ተብዬ የተጠራሁባቸውን ማሽኖች ስከፍት አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ ደህና ነው፤ ውሃውም ንጹሕ ነው። አየሩ ግን መግቢያ ወይም መውጫ አጥቷል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ቱቦ ከመቁረጣችሁ በፊት የአየሩን መንገድ እንድትቀይሱ ነው።

የከተማችን አየር ስስ ነው

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃ በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ92 ወይም በ93 የሚፈላብን በዚሁ ምክንያት ነው። ፋን በአንድ ዙር የሚያሳልፈው አየር መጠን የትም ቢሆን ያው ነው። ሙቀት የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው፤ ያ ክብደት እዚህ በሩብ ያህል ያንሳል።

በቁጥር እንየው። 300 ዋት ሙቀት፣ አየሩን 10 ዲግሪ ብቻ አሙቆ እንዲወጣ ብንፈልግ፣ በባሕር ጠለል በሰከንድ 25 ሊትር ያህል አየር ይበቃል። እኛ ዘንድ 33 ሊትር ያህል ማለፍ አለበት። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚፈጥረው ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ «ይህ ራዲያተር ይበቃል» ሲል፣ እዚህ ላይበቃ ይችላል።

የሚክሰን ነገርም አለን። ክፍሎቻችን እንደ ቆላ ከተሞች አይግሉም፤ ውሃው ከክፍሉ ሙቀት 15 ዲግሪ ቢበልጥ እንኳን መጨረሻው ከ40 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ሲበረታ ኮምፒውተሩ ውስጥ ጤዛ ይፈጠራል ብለው የሚሰጉ ደንበኞች ገጥመውኛል። አይፈጠርም። ይህ ማቀዝቀዣ ውሃውን ከክፍሉ አየር በታች ሊያወርደው ስለማይችል ጤዛ የሚይዝበት ምክንያት የለውም።

ስንት ራዲያተር?

በሰፊው የሚሠራበት ልማድ፣ ፋኖቹ በመካከለኛ ፍጥነት ሲዞሩ ለአንድ 120 ሚሊሜትር ክፍል፣ ማለትም አንድ ፋን ለሚይዝ የራዲያተር ቁራጭ፣ 100 ዋት ያህል ማሰብ ነው። 240 የሚባለው ሁለት፣ 360 የሚባለው ሦስት እንደዚህ ያሉ ክፍሎች አሉት። እኔ እዚህ ለአንድ ክፍል የማስበው 75 ዋት ነው።

ለምሳሌ ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ 150 ዋት፣ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ እንደ አርቲኤክስ 4070 200 ዋት የሚወስድ ከሆነ ድምሩ 350 ነው። ለ75 ሲካፈል ወደ አምስት ክፍል ይጠጋል፤ ማለትም አንድ 360 ከፊት፣ አንድ 240 ከላይ። በ100 ብናካፍል ኖሮ አራት ክፍል በቃ ብለን፣ ፋኖቹ ቀኑን ሙሉ እየጮኹ ይውሉ ነበር።

በሚሸመትበት ጊዜ

ስለ ራዲያተር ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛው አየር በመካከላቸው የሚያልፍባቸው ስስ የብረት ክንፎች ጥግግት ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ ከ20 በላይ ክንፍ የተደረደረበት ራዲያተር ኃይለኛ ፋን ይፈልጋል፤ አቧራም ቶሎ ይደፍነዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ቁፋሮና ግንባታ በነበረባቸው መንገዶች ዳር የሚሠራ ሰው ይህን ሳልነግረው ያውቀዋል። ከ16 የማይበልጠውን ምረጡ። ሁለተኛው ውፍረቱ ነው፤ 30 ሚሊሜትር አካባቢ ያለው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። 60 ሚሊሜትሩ ከኛ ስስ አየር ጋር ሲሆን የከፈላችሁበትን ያህል አይመልስም።

ሦስተኛው ብረቱ ነው፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ራዲያተሩ አሉሚኒየም፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው ውሃ የሚያልፍበት ብረት ደግሞ መዳብ ከሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ውሃ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል። በፋብሪካ ተዘግተው የሚመጡት ማቀዝቀዣዎች ብዙዎቹ አሉሚኒየም ራዲያተር ቢኖራቸውም በውስጣቸው ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ አለ። ዕቃውን ለየብቻ ገዝታችሁ የምታገጣጥሙ ከሆነ ግን ሁሉም መዳብና ናስ ይሁን።

ፋኑን በተመለከተ፣ በማሸጊያው ላይ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፤ የሚያሳልፈው አየር መጠንና ግፊቱ። ለራዲያተር የሚያስፈልገው ግፊቱ ነው። በሚሊሜትር ውሃ ይለካል፤ ከ2 በላይ የሆነውን ያዙ።

አቀማመጡን በወረቀት ሣሉ

ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ሜትር አውጥታችሁ ለኩ። 30 ሚሊሜትር ራዲያተርና 25 ሚሊሜትር ፋን ሲደመሩ 55 ሚሊሜትር ናቸው። ከፊት በኩል ይህ ውፍረት ከግራፊክስ ካርዱ ጫፍ ጋር ይጋጫል ወይ? ከላይ ደግሞ ከሜሞሪው ራስና ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ ከሚሰካው የፕሮሰሰሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ይነካካል ወይ? ገመዱ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሁሉም ታስሮ ካለቀ በኋላ መሰኪያው ከፋን ሥር ተደብቆ ይገኛል። ስለዚህ ያንን ገመድ ራዲያተሩ ከመግባቱ በፊት ሰክታችሁ አሳልፉት።

እኔ የምመርጠው አቀማመጥ ይህ ነው። ከፊት 360ው አየር ያስገባል፤ ቅደም ተከተሉም ከውጭ ወደ ውስጥ ማጣሪያ፣ ራዲያተር፣ ከዚያ ፋን ይሆናል። ፋኖቹ ሳቢ ናቸው ማለት ነው። ገፊ ቢሆኑም የማቀዝቀዙ ልዩነት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ገፊ ፋን አቧራውን በራሱና በራዲያተሩ መካከል ያከማቸዋል፤ ለማጽዳት ሁሉን መፍታት ግድ ይላል። ሳቢ ሲሆን አቧራው በፊት ለፊቱ ገጽ ላይ ይቀራል፤ ክዳኑን አንስቶ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል። ከላይ ያለው 240 አየር ያስወጣል፤ ፋኖቹ ከሥሩ ሆነው ወደ ላይ ይገፋሉ። እዚያ የሚደርሰው አየር አስቀድሞ ስለተጣራ አቧራው ያን ያህል አያሳስብም።

የኋላውን የፋን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ። ሦስት አስገብተው ሁለት ሲያስወጡ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭ ትንሽ ይበልጣል፤ ትርፉ አየርም በኋላው ወንፊትና በየክፍተቱ ወደ ውጭ ይወጣል። አየር በሚወጣበት ቀዳዳ አቧራ አይገባም። በእርግጥ የላይኛው ራዲያተር የሚያገኘው ከፊተኛው የሞቀ አየር ነው፤ የጥቂት ዲግሪ ዋጋ አለው። ከመንገድ ርቃችሁ በላይኛው ፎቅ የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱንም አስገቢ አድርጋችሁ ከኋላ አንድ አስወጪ መጨመር ትችላላችሁ።

ኮምፒውተሩ የሚቆምበትም ቦታ የዚህ ሥዕል አካል ነው። ከፊቱም ከኋላውም ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን። በር ባለው የጠረጴዛ ሣጥን ውስጥ አታስገቡት። እናቶቻችን ለዕቃ ካላቸው ክብር የተነሣ ላዩን ዳንቴል ያለብሱታል፤ ማታ ከጠፋ በኋላ ከአቧራ ይጠብቀዋል፣ ጠዋት ሲበራ ግን መነሣት አለበት። የላይኛው ራዲያተር የሚተነፍሰው በዚያ በኩል ነው።

ራዲያተሩን ማጠብ

አዲስ ራዲያተር ውስጡ ንጹሕ አይደለም። ሲበየድ የቀረ ቅሪት አለበት፤ ካልታጠበ ፕሮሰሰሩ ላይ ባሉት ስስ መተላለፊያዎች ውስጥ ሄዶ ይቀመጣል። ሞቅ ያለ የተነጠረ ውሃ እስከ ግማሽ ሙሉና ቀዳዳዎቹን ዝጉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ወዝውዛችሁ በነጭ ሳሕን ላይ አፍስሱት። የመጀመሪያው ውሃ ደብዝዞ፣ አንዳንዴም ጥቃቅን ብናኝ ይዞ ይወጣል። ሳሕኑ ላይ ምንም እስከማይታይ ድረስ ደጋግሙ።

የተነጠረ ውሃ ከየት ይገኛል? የባትሪ ውሃ እየተባለ በነዳጅ ማደያዎችና እንደ ሶማሌ ተራ ባሉ የመኪና መለዋወጫ ሠፈሮች ይሸጣል። ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፤ የባትሪ አሲድም እዚያው ጎን ለጎን ይሸጣልና። የቧንቧ ውሃም ሆነ የታሸገ የምንጭ ውሃ ማዕድን አለው፤ ለመታጠቢያም ቢሆን የመጨረሻው ዙር በተነጠረ ይሁን።

ብሎኑ ላይ ቆዩ

ከመመሪያው ሁሉ ቀስ ብላችሁ እንድታነቡልኝ የምፈልገው ይህን ክፍል ነው። ራዲያተሩን ከኬዙ ጋር የሚያስረው ብሎን አጭር፣ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ነው። 25 ሚሊሜትር ፋን የሚያስረው ደግሞ 30 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱ በአንድ ከረጢት ይመጣሉ። ውፍረታቸውም እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ኤም3፣ ኤም4 እና 6-32 የሚባሉ አሉ፤ የአንዱ ብሎን በሌላው ቀዳዳ በግድ ገብቶ ጥርሱን ሊበላው ይችላል።

ከዓመታት በፊት በካዛንቺስ በአንድ ቢሮ ስሠራ፣ አንድ ብሎን ወድቆ ጠፋብኝና ከትርፍ ዕቃ ቆርቆሮዬ ሌላ አነሣሁ። 35 ሚሊሜትር ነበር፤ አልለካሁትም። በካቻቪቴ እያዞርኩ ሳለሁ መጀመሪያ ቀለለኝ፣ ከዚያ ከበድ አለኝ፣ ከዚያ በድንገት ለቀቀ። ያ መልቀቅ እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ። የቢሮው ባለቤት ፊቴን አይተው «ልጄ፣ ምን ሆነ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ራዲያተሩን በሳሁት፤ በራሴ ወጪ እተካዋለሁ» አልኳቸው። ብሎኑን ስፈታው ጫፉ በነካበት ቦታ የራዲያተሩ ቀለም ተልጦ መዳቡ ይብለጨለጭ ነበር፤ የውሃውን መተላለፊያ ቀድዶ ገብቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ፤ እናንተም አድርጉ። ብሎኑን መጀመሪያ ባዶ ፋን ውስጥ አሳልፉትና በሌላው በኩል የወጣውን ጫፍ በማስመሪያ ለኩ። ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከወጣ ሮንዴላ ጨምሩ ወይም ብሎኑን ለውጡ። የራዲያተሩን ቀዳዳ ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ ጥሩ ራዲያተሮች ከቀዳዳው ሥር መከላከያ ብረት አላቸው፤ ከሌለ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። አራቱንም ብሎኖች በጣት ካስያዛችሁ በኋላ በካቻቪቴ ጥግ ለጥግ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ብሎኑ ጥጉን ሲነካ አቁሙ።

የፋኑ አቅጣጫ የሚታወቀው በጀርባው ነው። በአንዱ በኩል ሞተሩን የያዙ ዘንጎች ይታያሉ፤ አየሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። አሁን አሁን ለውበት ተብለው በተቃራኒው የሚገፉ ፋኖች ስላሉ ጠርዙ ላይ የተቀረጸውን ቀስትም ተመልከቱ። ጥርጣሬ ካለ፣ ሲበራ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ አስጠጉ፤ ወዴት እንደሚስብ ራሱ ይነግራችኋል።

መጋጠሚያዎችና የአየር አረፋ

የቱቦ መጋጠሚያዎቹን በእጅ አስገቡ፤ ውሃ የሚይዘው የጎማው ቀለበት ነው፣ ጉልበታችሁ አይደለም። ቀለበቱ ሳይጣመም መቀመጡን ብቻ እዩ። ውሃው የሚያልፍበትን ቅደም ተከተል በተመለከተ አጥብቃችሁ የምትይዙት አንድ ሕግ ነው፤ የውሃ ማጠራቀሚያው ከፓምፑ በፊትና በላይ ይሁን። ከራዲያተሮቹ የትኛው ይቅደም ለሚለው ብዙ አትጨነቁ፤ ውሃው በፍጥነት ስለሚዞር ሙቀቱ በየቦታው ተቀራራቢ ነው።

በፋብሪካ ተዘግቶ የመጣ ማቀዝቀዣ ከሆነ ግን የራዲያተሩ የላይኛው ጠርዝ ከፓምፑ ከፍ ማለት አለበት። በውስጡ ጥቂት አየር ሁልጊዜ አለ፤ አየር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ ያለው ፓምፑ ከሆነ አረፋው እዚያ ተሰብስቦ ያስጮኸዋል፤ ዕድሜውንም ያሳጥረዋል።

ገመድ

የማዘርቦርድ አንድ የፋን መሰኪያ ብዙውን ጊዜ የሚችለው 1 አምፔር ነው። ፋኑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ደምሩ፤ ሦስት ባለ 0.25 ፋኖች 0.75 ስለሚሆኑ በአንድ መሰኪያ ይሄዳሉ። አምስቱ 1.25 ስለሚሆኑ አይሄዱም፤ ኃይሉን በቀጥታ ከፓወር ሰፕላይ የሚወስድ ማከፋፈያ ያስፈልጋቸዋል። የፊቶቹንና የላዮቹን ለየብቻ ሰኩ፤ የሚያስገቡት ከሚያስወጡት ትንሽ ፈጥነው እንዲዞሩ ማድረግ የምትችሉት ያን ጊዜ ነው። ባለ አራት ሽቦ ፋን ምረጡ፤ ፍጥነቱ በተሻለ ይገዛል። ፓምፑ የራሱ መሰኪያ ይኑረው፤ ፍጥነቱም እንዳይቋረጥ በቋሚ ቁጥር ይታሰር።

ውሃ መሙላትና መፍሰሱን መፈተሽ

በዚህ ጊዜ መብራት የሚያገኘው ፓምፑ ብቻ ነው። ማዘርቦርዱና ግራፊክስ ካርዱ ከፓወር ሰፕላዩ ይነቀሉ፤ ፓወር ሰፕላዩን ያለ ማዘርቦርድ የሚያስነሣውን ትንሽ መሰኪያ ተጠቀሙ። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ሶፍት አንጥፉ። ማጠራቀሚያውን ሙሉ፣ ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ አስነሡ፣ ውሃው ሲጎድል አጥፉና እንደገና ሙሉ። ፓምፕ ያለ ውሃ መዞር የለበትም፤ የሚለሰልሰውም የሚቀዘቅዘውም በውሃው ነው። ሲሞላ ኬዙን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጉት፤ ራዲያተሩ ውስጥ የተደበቀው አረፋ እየተንጎደጎደ ይወጣል።

ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ይዙር። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ጉዳት የለውም፤ የቀረውን ሰዓት ሲመጣ ቀጥሉ። በማግስቱ ሶፍቱን አንድ በአንድ አንሥታችሁ በመብራት እዩ። ነጠብጣብ ከታየበት መጋጠሚያ በስተቀር ሌላውን አትንኩ። የተነጠረ ውሃ ብቻውን ከጊዜ በኋላ አልጌ ስለሚያበቅል፣ ዝገትና ሻጋታ የሚከላከል ተጨማሪ ፈሳሽ ወይም ተቀምሞ የተዘጋጀውን አስገቡ።

የፋኖቹን ፍጥነት ማስተካከል

ፋኖቹ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ከተከተሉ ፕሮግራም በተከፈተ ቁጥር ይጮኻሉ፤ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ዝም ይላሉ። ሰው የሚያሰለቸው ይህ መዋዠቅ ነው። ውሃው ግን ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ የተረጋጋ መሪ ነው። ሁለት ሽቦ ያለውን የውሃ ሙቀት መለኪያ ማዘርቦርዱ የሚቀበል ከሆነ አስገቡለት። በ30 ዲግሪ 40 በመቶ፣ በ40 ዲግሪ 75 በመቶ፣ በ45 ዲግሪ ሙሉ ፍጥነት ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ በጆሯችሁ አስተካክሉ። ብዙ ፓምፖች ከ60 ዲግሪ በላይ ውሃ አይፈቀድላቸውም፤ እዚያ መድረስ የለባችሁም። መለኪያውን የማይቀበል ማዘርቦርድ ከሆነ ፋኖቹ ለሙቀት ለውጥ ዘግይተው እንዲመልሱ አድርጉ።

አሁን ፈትኑት። ረዘም ያለ ቪዲዮ ማውጣት ጀምራችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ውሃው መጨመሩን እስኪያቆም ጠብቁ። የውሃው ሙቀት ከክፍሉ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢበልጥ ሥራው ጥሩ ነው። ከ20 ካለፈ የፊት ክዳኑን አንሡና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ቁጥሩ ደህና አድርጎ ከወረደ ጥፋተኛው ክዳኑ ወይም ማጣሪያው ነው። ካልወረደ አንዱ ፋን ተገልብጦ ታስሮ እንደሆነ በሶፍቱ ፈልጉ።

አቧራና ጭስ

በበጋ ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ፣ በክረምት በየወሩ አጽዱ። ማጣሪያው በውሃ ታጥቦ ፍጹም ደርቆ ይመለስ። ቡና በሚፈላባቸው ቢሮዎች ያየሁትን ልንገራችሁ፤ የእጣንና የከሰል ጭስ በክንፎቹ ላይ ስስ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል፤ አቧራው በላዩ ላይ ይጋገርበታል፤ በንፋስ ብቻም አይለቅም። ቡናው ይፈላ፤ ማጨሻው ግን ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት አይቀመጥ።

ራዲያተሩን ይዛችሁ ጎሚስታ ዘንድ አትሂዱ። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ግፊት ስሶቹን ክንፎች ያጣምማል፤ ከአየሩም ጋር ውሃና ዘይት ይረጫል። አነስተኛ የእጅ ንፋሻ ይበቃል፤ አየሩ ከሚገባበት ተቃራኒ ንፉ፤ ስትነፉም የፋኑን ምላስ በጣት ያዙ፤ በንፋስ ከአቅሙ በላይ ከዞረ መሽከርከሪያው ይጎዳል።

በመጨረሻው ፈተና ያገኛችሁትን የክፍል ሙቀት፣ የውሃ ሙቀትና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከጎን ክዳኑ ውስጥ ለጥፉ። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ሥራ አሠርታችሁ ስትለኩ በክፍሉና በውሃው ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ከመጀመሪያው በሦስት ዲግሪ ከሰፋ፣ ብሩሹን አንሥታችሁ ከፊተኛው ራዲያተር ጀምሩ።